ፍተሻ በፊት በር፣ ሰንሰለት በኋላ በር

በአገራችን ደጅ መጥናት የቆየ ልማድ ነው። አባቶቻችን አቤቱታቸውን ይዘው ከጌታ ደጅ ሲውሉ ሲያድሩ ኖረዋል። በዚያን ዘመን ግን ደጁ የአጥር በር፣ ችሎቱም ሜዳ ወይም የዋርካ ጥላ ነበርና ሁከት ቢነሣ፣ እሳት ቢለኮስ ሰው ሁሉ ባሻው አቅጣጫ ሮጦ ያመልጥ ነበር። ዛሬ ደጁ ወደ ላይ ወጥቷል። ባለጉዳይ ደጅ የሚጠናው በአራተኛው ወይም በስምንተኛው ፎቅ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ደጁ እንዲህ ሲለወጥ ስለ ጥበቃ ያለን አሳብ ግን አብሮ አልተለወጠም። ዛሬም ጥበቃ ሲባል የሚታየን በር ላይ የቆመ ዘበኛ ብቻ ነው።

ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብዙ ይጻፋል። ስለ ቀጠሮ መብዛት፣ ስለ ጉቦ፣ ስለ ጸሐፊዎች ግልምጫ ያልተናገረ የለም። ባለጉዳዩ፣ ጉዳዩ ተፈጸመለትም አልተፈጸመለትም፣ ከገባበት ሕንጻ በደኅና ስለ መውጣቱ ግን ሲነገር አልሰማንም። ስለዚህ እኛ ዛሬ ልንናገር የፈለግነው ስለዚሁ ነው።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን ሦስታችን ለአንድ የሰነድ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ መሰሎቹ ብዙ ናቸውና አንባቢ የሚያውቀውን ይተካበት። ሥራ የሚጀመረው በሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆንም ሰልፉ ከጧቱ በአንድ ሰዓት ተጀምሮ ከግንቡ ሥር እስከ መኪና መንገዱ ጠርዝ ተዘርግቶ ነበር። በሩ ሲከፈት ፍተሻው ተጀመረ። ዘበኞቹ ሥራቸውን በትጋት ሠሩ፤ ይህን ልንክድ አይገባም። ቦርሳችንን በርብረው፣ የያዝነውን ውኃ «ቅመሱት» ብለው አስቀምሰው፣ መታወቂያችንን ተቀብለው አስገቡን። ከፊታችን የነበሩ ከገጠር የመጡ እናት ግን መቀነታቸውን እንዲፈቱ ታዘዙ። ፈታሹ ወንድ ነበር። ለጉዳያቸው መክፈያ የቋጠሯት ገንዘብ በሰው ሁሉ ፊት ተፈትታ ታየች። እርሳቸውም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብለው መልሰው ቋጠሩ። በዚሁ ቅጽበት አንድ መኪና ጡሩንባውን ነፋ፤ ትልቁ በር ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ዘበኞቹ ሰላምታ ሰጡ፤ መኪናውም የዕቃ ማስቀመጫው ሳይከፈት፣ መስተዋቱም ሳይወርድ ገብቶ ከሕንጻው ደረጃ አጠገብ ቆመ።

ሊፍቱ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ነበርና አራተኛውን ፎቅ በእግራችን ወጣነው። በመተላለፊያው ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ከወንበሮቹ ጀርባ በሲባጎ የታሰሩ መዝገቦች እስከ ጣሪያ ተከምረዋል። በጥጉ ላይ ሻይ የሚፈላበት የኤሌክትሪክ ምድጃ በተላጠ ገመድ ተሰክቷል። ቀዩ የእሳት ማጥፊያ አልጠፋም፤ ነገር ግን ሥራው ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው ደግፎ መያዝ ነበር። በአንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ወረቀት እንደሚናገረው ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው።

ረፋዱ ላይ መብራት ድርግም አለ። ወዲያውም የተቃጠለ ሽቦ ሽታ መጣ። አንድ ሰው «እሳት!» አለ፤ ሌላው ተቀበለው። በመተላለፊያው የነበረው ሰው ሁሉ ወደ አንዲቱ ደረጃ ጎረፈ። እኛ ግፊያውን ሸሽተን ወደ ኋለኛው ደረጃ ሮጥን። የብረቱ በር በሰንሰለት ተጠፍሮ፣ በሰንሰለቱም ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበት አገኘነው። ስንመለስ እኒያ እናት በግፊያው ወድቀው፣ ጉልበታቸው ደም ለብሶ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። እሳት ግን አልነበረም፤ ጀኔሬተሩ ሲነሣ የተቃጠለች ፊውዝ ነበረች። ሰውም ሣቀና ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እኛ መሣቅ አልቻልንም።

ስንወጣ በዕድሜ የገፉትን ዘበኛ «አባባ፣ የኋላው በር ለምን ይታሰራል?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ሌባ እንዳይወጣበት ነዋ፣ ልጆቼ። አምና ኮምፒዩተር ጠፍቶ ከደመወዜ ተቆርጦብኛል» አሉን።

«ቁልፉስ የት ነው?»

«ንብረት ክፍል ነው። የንብረት ክፍሉ ኀላፊ ደግሞ ዛሬ ስብሰባ ላይ ናቸው።»

እኝህን ሽማግሌ ልንወቅስ አንችልም፤ ነገሩን ሁሉ በሁለት ቃል ገልጠውልናልና። ኮምፒዩተር ሲጠፋ የሚጠየቅ ሰው አለ፤ በር ሲታሰር የሚጠየቅ ሰው የለም። ወንበርና ጠረጴዛ ቁጥር ተጽፎበት በየዓመቱ ይቆጠራል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ በሕንጻው ስንት ባለጉዳይ እንዳለ ግን የሚያውቅ የለም። ሰው የሚጠብቀው የሚጠየቅበትን ነውና ዘበኛው ንብረቱን ይጠብቃል። እንግዲህ የእኛ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ጥበቃ የሚባለው ሕንጻውን ከባለጉዳዩ መጠበቅ ሆኗል። ይህ ተገልብጦ በሕንጻው ውስጥ ያለውን ሰው፣ ባለጉዳዩንም ሠራተኛውንም፣ ከአደጋ መጠበቅ መሆን አለበት። ለዚህም በስሙና በፊርማው የሚጠየቅ ሰው ሊኖር ይገባል።

ሌባን ፈርቶ በር መቆለፍ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ ዋጋውም ከመቶ ዓመት በፊት ታውቋል። በ1911 እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን በኒው ዮርክ ከተማ፣ ትራያንግል በሚባል የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሣ። ፋብሪካው ባለአሥር ፎቅ የሆነውን ሕንጻ የላይኛዎቹን ሦስት ፎቆች ይዞ ነበር። ባለቤቶቹ ሠራተኞቹ ሲወጡ በአንድ በር ብቻ አልፈው ቦርሳቸው እንዲፈተሽ ሲሉ ሌላውን የደረጃ በር የመቆለፍ ልማድ ነበራቸው። በዚያን ቀን 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ገና ወጣት የሆኑ ስደተኛ ሴቶች ነበሩ። እነዚያ ባለቤቶች የፈሩት ጥቂት ክንድ ጨርቅ እንዳይሰረቅ ነበር። የእኛ ዘበኛ የፈሩት አንድ ኮምፒዩተር እንዳይሰረቅ ነው። ያኛው የግል ፋብሪካ ነው፣ ይህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የሚል ቢኖር፣ ጭስ የግልንና የመንግሥትን በር አይለይም እንለዋለን።

የመንግሥት ሕንጻም ምሳሌ አልጠፋም፤ ሩቅ ሳንሄድ ከአህጉራችን እንጥቀስ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 5 ቀን በደቡብ አፍሪካ፣ በጆሃንስበርግ ከተማ፣ የጋውቴንግ ክፍለ ሀገር የጤና መሥሪያ ቤትና ሌሎች የመንግሥት ቢሮዎች በሚሠሩበት ረጅም ሕንጻ ላይ እሳት ተነሥቶ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። የክፍለ ሀገሩ ባለሥልጣኖች ራሳቸው በኋላ እንደ ገለጹት ሕንጻው ከደኅንነት መመዘኛው ያሟላው 21 ከመቶ ብቻ ነበር፤ ይጠበቅበት የነበረው ግን 85 ከመቶ ነበር። ይህ የታወቀው ከእሳቱ በፊት በተደረገ ምርመራ ነው። መርማሪ ነበረ፣ ቁጥር ነበረ፣ ወረቀት ነበረ፤ ሕንጻውን ዘግቶ ሠራተኛውን የሚያስወጣ ሰው ግን በጊዜው አልተገኘም።

በዚያው አገር፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን፣ በኬፕታውን የምክር ቤቱ ሕንጻ ተቃጠለ። እሳት ሲነሣ ከጣሪያ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ ነበረው፤ የውኃው መክፈቻ ተዘግቶ ስለ ቆየ ግን አልረጨም። የሚቀርጹ ካሜራዎች ነበሩት፤ በሰዓቱ የሚመለከታቸው ዐይን ግን እንዳልነበረ ተዘገበ። በሕንድ አገርም በ2012 እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን በሙምባይ ከተማ የማሃራሽትራ ክፍለ ሀገር መንግሥት ዋና መሥሪያ ቤት ተቃጥሎ አምስት ሰዎች ሞቱ፤ እጅግ ብዙ መዝገብም አመድ ሆነ። ከእነዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያ መግዛት ጥበቃ አይደለም። በር ደግፎ የሚውል እሳት ማጥፊያ፣ የተዘጋ የውኃ መስመር፣ የማይታይ ካሜራ ሁሉም በንብረት መዝገብ ላይ «አለ» ተብሎ የተጻፈ፣ በችግር ቀን ግን የሌለ ነገር ነው።

አንዳንድ አንባቢ «የዛሬው ሥጋት እሳት ብቻ አይደለም፤ ቦምብና ጥይት አለ፤ ፍተሻውም ስለዚህ ነው» ይለን ይሆናል። እውነት ነው፤ እኛም ፍተሻ ይቅር አንልም። ነገር ግን ስለ ቦምብም ቢሆን ከደረሰው መማር ይሻላል። በ1995 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ሲቲ፣ አልፍሬድ መራ በሚባለው ባለዘጠኝ ፎቅ የፌዴራል መንግሥት ሕንጻ ፊት ለፊት በፈንጂ የተሞላ የጭነት መኪና ፈንድቶ 168 ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱም 19ኙ ሕፃናት ነበሩ፤ በሕንጻው ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ነበርና። ሌሎቹም የጡረታና የልዩ ልዩ አገልግሎት ጉዳይ ይዘው የመጡ ባለጉዳዮችና የሚያስተናግዷቸው ሠራተኞች ነበሩ። ያን ጥፋት ያመጣው በማንም መቀነት ውስጥ የተቋጠረ ነገር አልነበረም፤ በመኪና ተጭኖ መጥቶ ከሕንጻው አጠገብ የቆመ ነው። እንግዲህ የእናታችንን መቀነት አስፈትቶ መኪናውን በሰላምታ ማሳለፍ ምን ዓይነት ጥበቃ እንደ ሆነ የሚያስረዳን ይኑር። መፈተሽ ካለብን ማዕረግ ሳንመርጥ እንፈትሽ፤ መኪና ሁሉ፣ የሹምም ቢሆን፣ ከሕንጻው ራቅ ብሎ ይቁም።

ሌላውን ትምህርት የሚሰጠን የጎረቤታችን የኬንያ መከራ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን በናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ በፈንጂ ሲመታ 213 ሰዎች ሞቱ፤ እጅግ የሚበዙት በኤምባሲውና በአካባቢው የነበሩ ኬንያውያን ናቸው። ከትልቁ ፍንዳታ በፊት ትንሽ ፍንዳታ ተሰምቶ ነበርና በዙሪያው ባሉ ሕንጻዎች የነበሩ ሰዎች ምን እንደ ሆነ ለማየት ወደ መስኮት ሮጡ። ዋናው ፍንዳታ ሲከተል የመስኮቱ መስተዋት ተሰባብሮ የብዙዎችን ዐይን አጠፋ። እነዚህ ሰዎች የጎደላቸው ዘበኛ አልነበረም፤ «ፍንዳታ ስትሰማ ከመስኮት ራቅ» የሚል የአንድ ቀን ትምህርት ነበር። እኛስ ይህን የተማርነው የት ነው? በየትኛው መሥሪያ ቤት ነው ሠራተኛው በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ደወል ተደውሎለት በሥርዓት መውጣትን የተለማመደው?

አሜሪካኖች ከኦክላሆማው አደጋ በኋላ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የፌዴራል ሕንጻዎቻቸውን መርምረው በአምስት ደረጃ የሚከፍል መመሪያ አወጡ። ደረጃው የሚወሰነው በሠራተኛው ብዛት፣ በሕንጻው ስፋት፣ በሥራው ጠባይና ወደ ሕንጻው በሚመጣው ሕዝብ መጠን ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ይህን የሚከታተል ቋሚ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሰው አገር ሁሉ መልካም ነው ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን የሚመጣው ሕዝብ ብዛት በመመዘኛው ውስጥ መግባቱን ልብ እንበል። በእኛ ዘንድ የጥበቃው ክብደት ብዙ ጊዜ የሚለካው በባለጉዳዩ ብዛት ሳይሆን በሹሙ ማዕረግ ነው። ሕዝብ ከጧት እስከ ማታ የሚጎርፍበት የወረዳ ጽሕፈት ቤት አንድ ዘበኛ ሲኖረው ጥቂት ሰው የሚገባበት ቢሮ ብዙ ይኖሩታል።

ሕግ አጣን ማለትም አንችልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻ ሲሠራ ስለ እሳት መከላከያ ሊደረግ የሚገባውን ደንግጓል፤ የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንጻም አካል ጉዳተኞች የሚገቡበትና የሚንቀሳቀሱበት መንገድ እንዲኖረው ያዛል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አጽድቃለች። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 ሰው ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር የተጠበቀ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ፍተሻ የግድ ሲሆን በሥርዓት፣ ሴት በሴት፣ በተከለለ ቦታ ሊሆን ይገባል፤ ይህ ለባለጉዳዩ የሚደረግ ችሮታ አይደለም፤ መብቱ ነው። የጎደለው አዋጁ አይደለም፤ አዋጁን ይዞ አራተኛው ፎቅ ድረስ ወጥቶ ሰንሰለቱን የሚያይ ሰው ነው።

ስለ ሠራተኛውም አንድ ቃል እንናገር፤ የባለጉዳይ ወገን ነን ብለን የጸሐፊውን ነገር መርሳት አይገባንምና። ከመስኮት ጀርባ የተቀመጠው ጸሐፊ በቀን ብዙ የተቆጣ ሰው ያስተናግዳል። የሚሰደብ አለ፤ የሚዛትበት አለ፤ እጅ የሚነሣበትም አለ። እርሱም ብቻውን በጠባብ ክፍል ተቀምጧል፤ ጀርባው ግድግዳ፣ ፊቱ ሕዝብ ነው፤ ሌላ መውጫ የለውም። የዚህ ቁጣ ምንጭ ግን ብዙ ጊዜ ክፋት አይደለም። ከሌሊት ጀምሮ በፀሐይና በዝናብ ቆሞ፣ ተፈትሾ፣ ፎቅ ወጥቶ «ነገ ና» የተባለ ሰው ነው። ተራው በቁጥር ቢታወቅ፣ የሚያስፈልገው ሰነድ ሁሉ ገና ከበሩ ላይ ተጽፎ ቢያነብ፣ በጥላ ሥር ቢቀመጥ ከቁጣው እኩሌታው በር ላይ ይቀራል። ሰልፉ ራሱም አደጋ ነው፤ ብዙ ሰው ከግንብ ውጭ በመንገድ ጠርዝ መከማቸቱ ክፉ ለሚያስብ ሰው ምቹ፣ ፍሬን ለከዳው መኪናም የተጋለጠ ነው። በፍተሻ ሕንጻውን ጠበቅን ስንል ሕዝቡን ከበሩ ውጭ ላለው አደጋ አሳልፈን መስጠታችንን አናስተውለውም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንደኛው «ድኻ አገር ነን፤ በጀት ከየት ይምጣ?» የሚል ነው። ድኻ መሆናችንን አንክድም። ይሁን እንጂ ሰንሰለት ለመፍታት ስንት ብር ያስፈልጋል? መዝገቡን ከመተላለፊያው አንሥቶ ወደ አንድ ክፍል ለማስገባት፣ ምድጃውን ለመንቀል፣ እሳት ማጥፊያውን ከበሩ ሥር አንሥቶ ግድግዳ ላይ ለመስቀልስ? ከሚያስፈልገው ነገር የሚበዛው ገንዘብ ሳይሆን አሳብ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው፤ ከተቃጠለ በኋላ ግን ወንዝም አይበቃም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዘበኛው ነው፤ «በሩን ብፈታው ሌባ ይወጣበታል» የሚለው። ይህ በንቀት የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። መልሱ ግን ከተገኘ ቆይቷል። ከውስጥ ሲገፉት የሚከፈት፣ ከውጭ ግን የማይከፈት የበር መዝጊያ አለ። ሲከፈት የሚጮኽ ደወል ቢታከልበት ሌባው ይታወቃል፤ ከእሳት የሚሸሸውም ይድናል። ይህን ለመግዛት አቅም የሌለው መሥሪያ ቤት ቢያንስ በሥራ ሰዓት አንድ ሰው በዚያ በር አጠገብ ያስቀምጥ። ከሁሉ በፊት ግን ዘበኛው ስለ ጠፋ ኮምፒዩተር ከደመወዙ መክፈሉ ይቅር። ሰውን በንብረት ቅጣት እያስፈራሩ «ለምን ሕይወትን አላስቀደምህም?» ብሎ መጠየቅ ፍርድ አይደለም።

እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነን እንጂ መሐንዲሶች አይደለንም። ቢሆንም ማንም ዐይን ያለው ሰው ሊያየው የሚችለውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አንደኛ፤ በእያንዳንዱ ሕዝብ በሚገለገልበት መሥሪያ ቤት ስለ ሰዎች ደኅንነት የሚጠየቅ አንድ ኀላፊ ተሰይሞ ስሙና ስልኩ በመግቢያው ላይ ይለጠፍ። ስብሰባ ሲሄድ ቁልፉን ይዞ አይሂድ፤ ተተኪው ይታወቅ።

ሁለተኛ፤ በሥራ ሰዓት ማናቸውም የመውጫ በር በሰንሰለትም በጓጉንቸርም አይታሰር። ዘበኛው ጧት በሩን ሲከፍት በየፎቁ ዞሮ የመውጫ በሮችን ገፍቶ ይመልከትና ባየው ላይ ይፈርም።

ሦስተኛ፤ በበር ላይ የሚሰበሰበው መታወቂያ ለአንድ ተጨማሪ አገልግሎት ይዋል። ስንት ሰው እንደ ገባና እንደ ወጣ ከዚያ ይቆጠር፤ መተላለፊያው ከሚችለው በላይ ሲሆን የቀረው በታች፣ በጥላ ሥር፣ ተራ ቁጥሩን ይዞ ይጠብቅ።

አራተኛ፤ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና አካል ጉዳተኞች ፎቅ እንዲወጡ አይገደዱ። ሊፍት ከተበላሸ ጸሐፊው ወደ ምድር ቤት ወርዶ ያስተናግዳቸው። አራት ፎቅ በጭንቅ የወጣ ሰው በእሳት ቀን በፍጥነት ሊወርድ አይችልምና።

አምስተኛ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ደወል ተደውሎ ሠራተኛውም ባለጉዳዩም በሥርዓት የመውጣት ልምምድ ያድርጉ። በዚያን ቀን ሥራ ለግማሽ ሰዓት ይቆማል፤ በሌላው ቀንም ያለ ምክንያት ሲቆም አይተናልና ይህ ትልቅ ኪሣራ አይደለም።

ስድስተኛ፤ ዘበኞች ከፍተሻ ሌላ እሳት ማጥፋትን፣ የተጎዳን መርዳትን፣ የተቆጣን በመልካም ቃል ማብረድን ይማሩ። በዕድሜ የገፉ ሽማግሌን ዱላ አስይዞ በር ላይ ማቆም፣ ትምህርትም ደኅና ደመወዝም ሳይሰጡ ሁሉን ከእርሳቸው መጠበቅ አይገባም።

በመጨረሻ ነገሩን ወደ ራሳችን እንመልሰው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ ጣት መቀሰር ይቀላል። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬ ማታ በየመኝታችሁ ሕንጻ የኋላውን ደረጃ ወርዳችሁ በሩን ግፉት። ይከፈታል? በቤተ መጻሕፍቱስ ፈተና ሲደርስ ወንበር ሁሉ በሚሞላበት ጊዜ ስንት መውጫ ክፍት ነው? በየክፍላችን የምንሰካው ምድጃ ከዚያ አራተኛ ፎቅ ካየነው በምን ይሻላል? በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939፣ የፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑን ከመካከላችን ስንቱ ያውቃል? ማኅበራችን ከዚህ ሊጀምር ይችላል። በየሕንጻው ሁለት ሁለት ተማሪ ተመርጦ በሮቹን ይመርምር፤ ያየውንም ይጻፍ፤ ጽሑፉም ለሚመለከተው ኀላፊ ይሰጥ፤ መልስ ካልተገኘም በዚህ መጽሔት ይውጣ።

ደግሞም ነገ ከዚህ ግቢ ስንወጣ ከመካከላችን ብዙዎቹ በእነዚያው መሥሪያ ቤቶች ከመስኮቱ ጀርባ እንቀመጣለን፤ አንዳንዶቻችንም ቁልፉን የሚይዝ የንብረት ክፍል ኀላፊ፣ አንዳንዶቻችንም ጡሩንባ ነፍተን የምንገባ እንሆናለን። ዛሬ ያየነውን ያን ጊዜ እንዳንረሳው ያስፈልጋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ከአደጋ በኋላ ኮሚቴ ማቋቋም፣ አበል መክፈልና መግለጫ መስጠት ለማንም አይከብድም። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ በጣም የሚያንስ ነገር ነው። እኒያ እናት ለቀጠሯቸው ተመልሰው ሲመጡ ሰንሰለቱ ተፈትቶ ይጠብቃቸው።